የኋላው ማሞቂያ

ሙርጋብ ላይ ነፋሱ ሲነሳ አያማክርም፤
ጥቅምት ተጋምሷል፣ ሌሊቱ አይምርም።
ኮፈኑን ከፍቼ በእንጨት ደገፍኩት፣
ባትሪውን በጥርሴ ነከስኩት፣
የላንድክሩዘሬን ሆድ ዕቃ ጎበኘሁት።

የበኩር ልጄን በሰባት ዓመት ትበልጣለች፤
እኔ አራተኛ ባለቤቷ ነኝ፣ ሦስቱን ቀብራለች፤
ሙርጋብን ከኦሽ እንደ መርፌና ክር
ስትሰፋ ትኖራለች።
ሰሞኑን ግን ውሃ ትጠጣለች።

ትንሽ ነው እላለሁ። ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር።
ዳገት ነው፣ ያስጠማል፤
እያልኩ እየሞላሁ፣ መስከረምን በሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ።
ጋቢናው ጣፋጭ ጣፋጭ ሸተተኝ፣ እንዳረረ ከረሜላ፤
የፊት መስታወቱ እንደ ውሸታም ግንባር ከውስጥ አላበው፤
በእጅጌዬ ጠረግሁት።
መልሶ አላበው።

ማኒኮቶ የሚዳሰሰው ሞተር ሲበርድ ነው፤
በትኩሱማ ሁሉም ውጥር፣ ሁሉም ጎበዝ ነው።
አውራ ጣቴን ሰድጄ ጫን አልኩት፤
አንደኛው ገባ፣ ተመለሰ። ደህና ነው።
ሁለተኛው ቀጭ አለ፣ እንደ ደረቅ ቂጣ።
ሦስተኛው ላዩ ጥቁር፣ ወዛም፣ ጽሑፉ እንኳ ያልደበዘዘ፤
ፋሼታው ሥር ግን እንደበሰለ በለስ ልፍስፍስ፤
ውስጡን ለመካኒክ።

ይህ ሦስተኛው የእኔው ሥራ ነው።
ከሞተሩ ጀርባ ሁለት ቱቦ ወጥቶ
በወለሉ ሥር እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል፤
ይደርስ ነበር።
የዛሬ ሦስት ዓመት አክ-ባይታል አናት ላይ በሌሊት ፈንድቶብኝ
የኋላውን በካራ ቆርጬ ጣልኩት፣
ሁለቱን ጫፍ በአንድ ክንድ ጎማ አጋጠምኩት።
ውሃው ዞሮ ገባ፣ ሞተሩ ዳነ፣
«ለጊዜው ነው» አልኩ።
ለጊዜው።

ሻምሲያ ኮንቴይነሯ ውስጥ ማኒኮቶ በሜትር ትሸጣለች።
«ስንት ልቁረጥ?» ቢላዋዋን አነሳች።
አንድ ክንድ ልል አፌን ስከፍት
አሮጊቷ ቱርዱካን፣ ሻማ ልትገዛ ቆማ፣ በየወሩ ለኩላሊቷ ኦሽ የማደርሳት፣
«ኤርጌሽ» አለችኝ፣ «መኪናህን ታማታለህ? እሰይ።
ካራኩል ስንደርስ እኮ እግሬ የማን እንደሆነ አላውቅም።
ነዳጅ የምትቆጥብ መስሎኝ፣
ልጆች አሉት፣ ይቆጥብ ብዬ ዝም አልኩ።»

ያለ ቂም ነው ያለችው። ሻማዋን ቆጠረች።
እኔ ከፊት፣ ሸሚዜን ከፍቼ፣
ሬዲዮ ከፍቼ ነበር የምነዳው።
ሻምሲያ ቢላዋዋን እንዳነሳች ናት።
«ስምንት ሜትር» አልኳት። «ፋሼታም ስምንት።»
የከሰሉ ገንዘብ ነበር።

አሮጌውን አልጠመዘዝኩም፤ በቁመቱ ሰነጠቅሁት፤
የማሞቂያው አፍንጫ ስስ መዳብ ነው፣
በጉልበት የጎተተው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።
ከሥሯ በጀርባዬ ተንሸራትቼ፣ ምንጣፍ አንጥፌ፣
ከጭስ ማውጫው አርቄ፣ ከብረት ስለት ጠብቄ፣
አዲሱን መስመር በመስመር አስኬድኩት።
ጣቶቼ ካቻቢቴውን መያዝ ሲያቅታቸው
በብብቴ እያሞቅሁ። ይኼም ማሞቂያ ነው።

ዳገት ላይ አፍንጫዋን ሽቅብ አቆምኳት፣
ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቼ አጠጣኋት፤
አየሩ ቡልቅ፣ ቡልቅ ብሎ ወጣ።
ከዚያ፣ የእኔ ከሆነች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ።
ጫማዬን አወለቅሁ።

መጀመሪያ አቧራ ተነፈሰች፣ የሦስት ዓመት፤
የሱፍ ቅርፊት፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ነጭ ፀጉር፤
ቀጥሎ ለብ ያለ ነገር፤
ቀጥሎ እግሬ አወቀው።

ልሄድ ስል ከሥር አንዲት ጠብታ።
ካቻቢቴውን መለስኩ፤ ሩብ ዙር አጠበቅሁ፣
ሌላ ጠብታ ይመጣ እንደሆን
በደረቴ ተኝቼ፣ ባትሪውን ነክሼ ጠበቅሁ።
ሐሙስ ቱርዱካን ኦሽ ትሄዳለች።